በካርቶን የመጡት ፈረሶች

(በማሻ በተካሄደው የማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ከሒሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር)



ሒሳብ ክፍል ለመናገር ሲነሣ "ደግሞ ስለ ውዝፍ ቁጠባ ሊነግሩን ነው" እያላችሁ እንደምትተያዩ እናውቃለን። የውዝፉ ነገር ከምሳ በኋላ ይደርሳል። አሁን የቆምነው ስለ ፈረስ ልናወራ ነው። ስለ ፈረስ፣ ስለ መጽሐፍ፣ ቀጥሎም እኛው ራሳችን ስለሠራነው አንድ ስሕተት።

ነገሩ የጀመረው በሁለት ካርቶን ነው። ክረምቱ ሊወጣ ሲል ውጭ አገር የሚኖሩ አንዲት በጎ አድራጊ ለልጆቻችን የንባብ ክፍል ብለው መጻሕፍት ላኩልን። ከአዲስ አበባ ደሴ፣ ከደሴ መካነ ሰላም፣ ከዚያም እዚህ ድረስ ያለውን የጭነት ዋጋ የከፈልነው እኛ ነን፤ 2,350 ብር። ከፍተን ስንቆጥር 61 መጽሐፍ ሆነ። ሞዴል 19 ለመቁረጥ ደግሞ የዕቃው ዓይነትና ግምታዊ ዋጋው መጻፍ አለበት። እዚያ ላይ ብዕራችን ቆመ። ሁሉም እንግሊዝኛ ነው፤ ሁሉም አሮጌ ነው፤ ወረቀቱ ቢጫ ሆኗል። ከ61ዱ 27ቱ ሽፋናቸው ላይ ፈረስ አለ። ፈረሱ ላይ ደግሞ ሴት ልጅ ተቀምጣለች፤ ቆብ ደፍታ፣ ቦት ጫማ አድርጋ፣ አጥር ስታዘልል።

በዕለቱ ቢሮ የነበረች አንዲት እናታችን ሽፋኑን አገላብጣ አየችና "ለወሎ ሰው ፈረስ በካርቶን ይላካል እንዴ?" አለች። ሣቅን። እውነቷን ነው። ከቢሮው ደጃፍ ላይ በዚያችው ሰዓት ሦስት ፈረስ ታስሮ ነበር።

ያኔ "አሮጌ መጽሐፍ፣ ዋጋ 0 ብር" ብለን መዝግበን ልንዘጋው ምንም አልቀረንም። ግን ሒሳብ ሠራተኛ ያላየውን ዕቃ አይፈርምም። ስለዚህ የሁለተኛ ደረጃ የእንግሊዝኛ መምህርት የሆነች አንዲት እህታችንን ለመንናት፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት ቡና እያፈላን አምስት ሆነን ማንበብ ጀመርን። እሷ ታነባለች፣ እኛ እንጠይቃለን፤ ሲከብድ መዝገበ ቃላት እናያለን። ከአቦል እስከ በረካ ስድስት ገጽ ከሄድን ጥሩ ቀን ነው። እስካሁን አራቱን ጨርሰናል።

መጀመሪያ ያስቸገረን "ፖኒ" የሚለው ቃል ነው። ፈረንጆቹ ቁመቱ ከ147 ሴንቲ ሜትር ገደማ የማይበልጠውን አጭር ፈረስ ለይተው ፖኒ ይሉታል። በዚህ ልክ ከሄድን የኛ ደጋ ፈረስ አብዛኛው ፖኒ ነው። ያ ገደል ለገደል ጭነት ተሸክሞ የሚወጣው ዳማ፣ በእነሱ አገር የልጅ መጫወቻ ተብሎ ይመዘገባል ማለት ነው። እኛ ግን ፈረስ እንላለን፣ ይበቃል።

የእነዚህ መጻሕፍት ሁሉ አያት "ብላክ ቢዩቲ" የሚባለው ነው። የታተመው በፈረንጆች 1877 ነው። የጻፈችው አና ሴዌል በልጅነቷ ወድቃ ቁርጭምጭሚቷ ተጎድቶ ዕድሜዋን ሙሉ እንደ ሰው መራመድ ያልቻለች ሴት ናት። ከቤት የሚያወጣት ጋሪና ፈረስ ነበር። መጽሐፉን የጨረሰችው በመጨረሻ ዘመኗ፣ በሕመም ተኝታ፣ ከፊሉን እሷ እየተናገረች እናቷ እየጻፉላት ነው። ታትሞ ገና ግማሽ ዓመት ሳይሞላው አረፈች። ታሪኩን የሚናገረው ፈረሱ ራሱ ነው፤ ከደግ ጌታ ወደ ክፉ ጌታ እየተሸጠ ያየውን ሁሉ ይናገራል። በዚያ ዘመን ሀብታሞች የሠረገላ ፈረስ አንገቱ ቀና ብሎ እንዲያምርላቸው በማሠሪያ ወደ ላይ ይወጥሩት ነበር፤ ፈረሱ መተንፈስ ይቸገራል፣ ዳገት ላይ መግፋት ያቅተዋል። መጽሐፉ ያ ልማድ እንዲነቀፍና እየቀረ እንዲሄድ ብዙ ረድቷል። ይህን ስናነብ ካካከልን አንዷ "የኛን ገበያ የፈረስ ጀርባ ብታይ ምን ትጽፍ ነበር?" አለች። ማናችንም አልመለስንላትም። ኮርቻው ሥር የተላጠውን ጀርባ ሁላችንም አይተናል፤ በዚያው ቁስል ላይ እንደገና ሲጫንም አይተናል።

ከዚያ በኋላ ያሉት መጻሕፍት በሌላ ሰው ዓይን የተጻፉ ናቸው። ጆአና ካናን የምትባል ሴት በ1936 "ፈረስ ለጂን" ብለን ልንተረጉመው የምንችለውን መጽሐፍ ስታወጣ ፈረሱን ከተራኪነት አውርዳ ሴት ልጅቱን ባለታሪክ አደረገቻት። የእሷ ቤት ነገር ደግሞ እዚህ ላለን ሴቶች እንግዳ አይደለም። ባሏ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ቆስሎ የተመለሰ ሰው ነበር፤ የቤቱ ዋና ገቢ የእሷ ብዕር ሆነ። ልቦለድ እየጻፈች ልጆች አሳደገች። ሦስቱ ሴት ልጆቿ፣ ጆሴፊንና መንትዮቹ ዳያናና ክሪስቲን ፑሊን ቶምሰን፣ ገና በወጣትነታቸው የፈረስ ግልቢያ ማስተማሪያ ከፈቱ፤ በ1946 ደግሞ ሦስቱ ባንድ ላይ የጻፉትን የመጀመሪያ መጽሐፋቸውን አሳተሙ። ከዚያ በኋላ እያንዳንዳቸው ለብቻ ጻፉ፤ ክሪስቲን ብቻዋን ከ100 በላይ አላት። ከካርቶኑ ውስጥ የእነሱ 11 መጽሐፍ ወጥቷል። አንዲት እናትና ሦስት ልጆች ከፈረስ ወሬ እንጀራ ሲበሉ ማየት ለሒሳብ ሠራተኛ ደስ የሚል ነገር ነው።

ልባችንን የወሰደው ግን የሩቢ ፈርጉሰን ተከታታይ ነው። ባለታሪኳ ጂል ትባላለች፤ ከ1949 እስከ 1962 ድረስ ዘጠኝ መጽሐፍ ወጥቶላታል። ጂል አባቷ ሞቷል። ከእናቷ ጋር ገጠር ውስጥ ትንሽ ቤት ገብተዋል። እናትየዋ የልጆች ተረት እየጻፈች ትሸጣለች፤ አንዳንዴ ይሸጣል፣ አንዳንዴ ፖስታ ቤቱ ባዶ እጁን ይመጣል። ልጅቱ ፈረስ ትፈልጋለች። ፈረሱ ከተገኘ በኋላ ደግሞ የክረምቱ መኖና ማደሪያ ከየት ይምጣ የሚለው ጭንቀት ይጀምራል። ግልቢያ የሚያስተምራት ጦርነት ላይ ተጎድቶ ተሽከርካሪ ወንበር ላይ የቀረ ጎልማሳ ነው፤ ራሱ ከእንግዲህ አይጋልብም፣ የሚያውቀውን ግን ለእሷ ይሰጣታል። በሁለተኛው መጽሐፍ ጂልና የቄስ ልጆች የሆኑ ጓደኞቿ ፈረስ ለማኖር ብር ሲያጥራቸው የራሳቸውን ጋጥ ከፍተው ሥራ ይጀምራሉ። ያቺን ምዕራፍ ስናነብ ቡናችን ቀዘቀዘ። ሰሌዳ ሰቅለው ደንበኛ ሲጠብቁ የሚሆኑት ነገር፣ እኛ በመጀመሪያው ዓመት የእንጀራ ሽያጩን ስንከፍት የሆንነው ነው።

ሁሉንም ወደድነው አንልም። ደንበኛ ሁሉ ነጭ፣ ባለርስት ሁሉ ደግ፣ ውድድር ሁሉ በዋንጫ የሚያልቅ ነው። ዋንጫው ላይ ሲደርሱ እኛ ማዛጋት እንጀምራለን። ደግሞም አንድ ነገር ቆይቶ ገባን፦ እነዚህ መጻሕፍት የበዙት በእንግሊዝ አገር ትራክተርና መኪና ፈረስን ከሥራ ባስወጡበት ዘመን ነው። ፈረሱ ሥራ ሲፈታ የልጃገረድ ጓደኛ ሆነ። እኛ ዘንድ ፈረሱ ገና ሥራ ላይ ነው። በአፍሪካ ብዙ ፈረስ ያላት አገር የኛ ናት፤ በአህያ ደግሞ ከዓለም ቀዳሚ እንባላለን። እህሉን ወፍጮ ቤት፣ በሽተኛውን ጤና ጣቢያ፣ ማዳበሪያውን ከመንገድ ዳር እስከ ማሳ የሚያደርሰው እሱ ነው። ታዲያ ከኋላው እየነዳች የምትሄደው ማን ናት? ሴት ልጅ ናት። ልጓሙን ትይዛለች፣ ጭነቱን ታስተካክላለች፣ ጠዋት ገለባ ትሰጠዋለች። ጀርባው ላይ ስትወጣ ግን "ምነው፣ ወንድ ሆንሽ?" ትባላለች። ለሙሽርነቷ ቀን ብቻ በቅሎ ይፈቀድላታል፤ ያውም ተሸፋፍና፣ በሌላ ሰው እየተሳበች።

የወሎን ታሪክ ብናይ ደግሞ ፈረስ የሌለበት ገጽ የለም። ንጉሥ ሚካኤል አባ ሻንቆ፣ ልጃቸው ልጅ ኢያሱ አባ ጤና፣ አፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ አፄ ምኒልክ አባ ዳኘው የተባሉት በፈረስ ስማቸው ነው። ለወይዘሮ ወርቂቱ የፈረስ ስም ሲወጣላት ግን አልሰማንም። ወርቂቱ የወሎ ገዥ ነበረች። በሰኔ 1857 ዓ.ም. ወጣቱ ምኒልክ ከመቅደላ አምልጦ ሲወርድ እሷ እጅ ገባ። የገዛ ልጇ አመዴ ግን በቴዎድሮስ እጅ መቅደላ ላይ እስረኛ ነበር። ምኒልክን ይዛ ብትመልስ ልጇን ልታስለቅቅ ትችል ነበር። ወደ ሸዋ አሳለፈችው። ቴዎድሮስ ነገሩን ሲያውቅ ልጇን አስገደለባት። ይህ ሁሉ የሆነው ከዚህ ከኛ ብዙም ሳይርቅ ነው። እንግሊዞቹ ለአጥር ዝላይ ዘጠኝ መጽሐፍ ከጻፉ፣ ለዚያች ሌሊት ግልቢያና ለዚያች እናት ስንት መጽሐፍ ይበቃ ነበር? ልጆቻችን በታሪክ ትምህርት ላይ የሚያገኙት "ምኒልክ አመለጠ" የሚለውን መስመር ነው።

ይህን ስናወራ ነው የዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ ነገር የተነሣው። ይህ ሰው የመጀመሪያውን ልብ ወለድ ያነበበው 19 ዓመት ከሆነው በኋላ ነው። በስደት አሜሪካ ገብቶ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ሳለ በየቋንቋው መጽሐፍ ሲያዝ በአማርኛ ለልጅ የሚሆን ማግኘት አቃተው። እሱ ራሱ "ቂሉ ማሞ"ን በአማርኛና በእንግሊዝኛ አዘጋጅቶ አሳተመ። ኢትዮጵያ ውስጥ ካደገችው ደራሲ ከጄን ኩርትዝና ከሌሎች ጋር "ኢትዮጵያ ሪድስ" የሚባለውን ድርጅት አቆሙ፤ አዲስ አበባ ሾላ ላይ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ተከፈተ፤ ሐዋሳ ላይ ደግሞ አህያ የሚጎትተው ጋሪ በመጽሐፍ መደርደሪያ ተሞልቶ በየሰፈሩ ይዞር ጀመር። ጋሪው ይቆማል፣ ጎኑ ይከፈታል፣ ልጆቹ በርጩማ ላይ ቁጭ ብለው ያነባሉ። በአህያ የሚዞረው ነገር ልጁ የሚያነበው ቋንቋ መሆኑን ልብ በሉልን። አህያ ጋማ ከብት አይደለም ወይ? እንደኛ ባለ ቀበሌ ጋሪ ባይገባም ሁለት አገልግል በኮርቻ ላይ ይታሠራል።

እንግዲህ ወደ ስሕተታችን እንምጣ።

ባለፈው ዓመት አንዲት ባሏ የሞተባት አባላችን የብድር ማመልከቻ አስገብታ ነበር። "የጭነት ፈረስ መግዣ፣ 18,000 ብር" ይላል። ይህች እህታችን ከደጋው ገብስና ባቄላ እየገዛች መካነ ሰላም ገበያ ትሸጣለች። የብድር ኮሚቴው ተቀመጠ፤ ከሒሳብ ክፍልም ነበርን። ቅጹ ላይ ማድለብ አለ፣ ዶሮ አለ፣ ሽመና አለ፣ አነስተኛ ንግድ አለ። ፈረስ የለም። "ፈረስ ገቢ አያመጣም፣ ሥጋው አይበላ፣ ወተቱ አይጠጣ" ብለን በሦስት ደቂቃ ውድቅ አደረግነው። ቃለ ጉባኤው ላይ የኛም ፊርማ አለበት። እሷም "እሺ እህቶቼ" ብላ ሄደች፤ አልተከራከረችንም።

የጂልን የመኖ ጭንቀት ስናነብ ነው ያቺ ማመልከቻ ትዝ ያለችን። አንዲት ልጅ ፈረስ ምን እንደሚበላና ምን እንደሚያወጣ ቆጥራ ታውቃለች፤ እኛ በዲፕሎማ የተመረቅነው ሳንቆጥር ፈርመናል። እህታችንን ጠርተን በእርጋታ አስቆጠርናት። ለእያንዳንዱ ገበያ ፈረስ የምትከራየው በ200 ብር ነው። በዓመት ውስጥ በዓልም ሕመምም ቀንሰን 44 ገበያ ትወጣለች። 8,800 ብር ነው። በሁለት ዓመት 17,600 ብር ለሰው ፈረስ ከፍላለች፤ ዛሬም ፈረስ የላትም። የራሷ ቢኖራት ግን ይህ ይቀርላታል፤ በሌላ ቀን ለጎረቤት ብታከራየው ደግሞ በዓመት ለ30 ቀን ብቻ ብንቆጥር 6,000 ብር ታገኛለች። ገለባው ከራሷ ማሳ ነው፤ ለገብስ፣ ለጨው፣ ለክትባት፣ ለኮርቻ ጥገና 3,500 ብር አወጣንበት። የሚተርፋት በዓመት 11,300 ብር ነው። ብድሩን ከአገልግሎት ክፍያው ጋር 19,800 ብር ብንለው በ21 ወር ይመለሳል። ሙክት አድልባ የምትሸጥ አባል በአራት ወር ትመልሳለች፤ ይህን አልካድንም፣ ፈረስ ቀስ ያለ ብድር ነው። ግን የመላሹን ወር ማርዘም ስንችል በሩን ዘጋን።

ስጋቱንም ደብቀን ልናልፍ አንፈልግም። ፈረስ ይሞታል። "የአፍሪካ የፈረስ በሽታ" የሚባለው በተለይ ዝናብ ካበቃ በኋላ ብናኝ በሚመስሉ ትንንሽ ነፍሳት ይተላለፋል፤ ትናንት የተጫነ ፈረስ ዛሬ ሲያረፋ ይገኛል። ክትባቱ ግን በአገራችን፣ ቢሾፍቱ ውስጥ ይመረታል። ስለዚህ ያዘጋጀነው ሐሳብ ብድሩ ሲሰጥ ፈረሱ መከተቡን የእንስሳት ጤና ባለሙያ በወረቀት እንዲያረጋግጥ፣ ከእያንዳንዱ የፈረስ ብድር ላይም ለሞት መጠባበቂያ ትንሽ ተቆርጦ እንዲቀመጥ የሚል ነው። ሌላም አንድ ቅድመ ሁኔታ ጨምረናል፤ ይህን የጨመርነው ከ"ብላክ ቢዩቲ" በኋላ መሆኑን አንደብቅም። ከኮርቻው ሥር ወፍራም ግላስ ከሌለ ብር አይወጣም። የቆሰለ ጀርባ ሥራ ያስፈታል፤ ሥራ የፈታ ፈረስ ብድር አይከፍልም። ለርኅራኄ ብላችሁ ባትቀበሉት ለሒሳብ ብላችሁ ተቀበሉት።

ለደጋፊዎቻችንም አንድ ቃል አለን፤ ይህ ንግግር በጋዜጣችን ስለሚወጣ ያነቡታል። የተላከልንን መጽሐፍ አልጣልንም፣ አንጥልምም። ግን ለጭነት ባወጣነው 2,350 ብር ደሴ ወርደን ስንት የአማርኛ ተረት መጽሐፍ እንደምንገዛ አስበን አዝነናል። የአባባ ተስፋዬን ተረት እያየን ያደግን ሰዎች ነን፤ ልጆቻችን ደግሞ ቴሌቪዥን የሌለበት ቤት ያሉ ብዙ ናቸው። ካርቶን ከመዘጋቱ በፊት አንድ ደብዳቤ ጻፉልን፤ የምንፈልገውን ዝርዝር በሳምንት ውስጥ እንልካለን። እንግሊዝኛ ከሆነም ሥዕሉ የበዛ፣ ዐረፍተ ነገሩ ያጠረ ይሁን። እነዚህ የፈረስ መጻሕፍት ለዘጠነኛ ክፍል ልጅ እንኳ ያለ አስተማሪ ይከብዳሉ።

ከልጆቹ ጋር ግን አንድ ነገር ሞክረናል። በንባብ ክፍሉ የሚመጡ ሴቶች ልጆች የጂልን ታሪክ በአማርኛ ነገርናቸውና "እናንተስ ስለምታውቁት ከብት ጻፉ" አልናቸው። ደብተር ሰጠን፣ አንድ ወር ሰጠን። 14 ጽሑፍ መጣ። አብዛኛው ስለ በግ ነው። አንዷ የሰባተኛ ክፍል ልጅ ግን ስለ ቤታቸው ባዝራ ጻፈች። እናቷ ምጥ ይዟት ሌሊት ጤና ጣቢያ ሲሄዱ እናትየዋ ባዝራዋ ላይ፣ አባትየው ልጓም ይዞ፣ እሷ ከኋላ ፋኖስ ይዛ። ወንዙ ጋ ሲደርሱ ባዝራዋ አልሻገርም ብላ ቆመች። አባትየው ሊመታት ሲል ልጅቱ ፋኖሱን ዝቅ አድርጋ ውሃውን አሳየቻት፤ ባዝራዋም አሽትታ ገባች። ወንድሟ ጎሕ ሲቀድ ተወለደ። ጽሑፉ ሁለት ገጽ ተኩል ነው። ፊደሉ የተሳሳተበት ብዙ ቦታ አለ። ባዝራዋ የማን እንደሆነች ስንጠይቃት "የአባቴ" አለች፤ ስሟን ያወጣላት ማን እንደሆነ ስንጠይቃት ግን "እኔ ነኛ" ብላ እንደ መገረም አየችን።

ያ ጽሑፍ በሚቀጥለው የጋዜጣችን እትም ይወጣል፤ እናቷና አባቷም ፈቅደዋል።

ስለ መጻሕፍቱ መዝገብ ለምትጠይቁን፣ 27ቱን የፈረስ መጻሕፍት በ540 ብር አስገብተናል፤ አንዱን በ20 ብር ማለት ነው። ኦዲተሩ ቢጠይቀን አራቱን እንዳነበብን እንነግረዋለን። ቁልፉ ከንባብ ክፍሉ ኃላፊ ዘንድ ነው፤ ቅዳሜ ከ8 ሰዓት ጀምሮ ማንም መምጣት ይችላል፣ ቡናውን በየተራ እናዋጣለን።

የእህታችን የፈረስ ብድር ማመልከቻ ከሰዓት በኋላ በተራ ቁጥር 4 ላይ እንደገና ይቀርባል። ስሌቱ ተባዝቶ ጠረጴዛው ላይ አለ። ማንበብ የምትችሉ ላልቻሉት አንብቡላቸውና ድምፅ ስጡ። አሁን ለምሳ እንነሣ።